ስልክ የደወለውን ሁሉ ከማስተናገድ ወደ አንድ ሥራ፦ አያትና አራብሳ አካባቢ ያለ የቤት ጥገና ሥራ እንዴት ይጥበብ?

አራብሳ ጥገና (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሠራተኞችና እኔ ሆነን አዲስ አበባ፣ አራብሳ ላይ የቤት ጥገና እንሠራለን። ቧንቧ፣ መብራት፣ ቀለም፣ ዲሽ፣ የሮቶ (የፕላስቲክ ውሃ ታንከር) እጥበት፣ አልፎ አልፎም ዕቃ ማጓጓዝ። ሥራ ጠፍቶ አያውቅም። ወሩ ሲያልቅ ግን ደሞዝና ኪራይ ተከፍሎ የሚተርፍ የለም፤ ያረጀ መሣሪያ መቀየር እንኳ አልተቻለም። አንድ ነገር ላይ እናተኩር ብለን ስንነሳ የቱ ላይ የሚለው ላይ እንቆማለን። ልጆቹ ቀለም ይሻላል ይላሉ፣ በአንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ብር ስለሚገባበት።

የትኛውን ሥራ እንደምንይዝ በምን እንለይ? እቅዱስ ምን ምን ይኑረው? ባንክ የሚጠይቀው ሠላሳ ገጽ አይደለም፣ እኛው ግድግዳ ላይ ለጥፈን የምንሠራበትን ማለቴ ነው።

---

ውሃ ልክ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ደብተር ግዛ። የትኛው ሥራ እንደሚያዋጣ በስሜት አይታወቅም፣ ምክንያቱም ብዙ ብር የሚያስገባው ሥራና ብዙ ብር የሚያስቀረው ሥራ አንድ አይደሉም። ለስድስት ሳምንት እያንዳንዱን ሥራ በአንድ መስመር ጻፍ፦ ቀኑን፣ ሰፈሩንና ብሎኩን፣ የሥራውን ዓይነት፣ ስንት ሰው እንደሄደ፣ ከቤት የወጣችሁበትንና የተመለሳችሁበትን ሰዓት፣ የተቀበልከውን ብር፣ ለዕቃና ለትራንስፖርት የወጣውን። መጨረሻ ላይ አንድ ዓምድ ተውለት፤ “ተመልሰን ሄደናል ወይ?” የሚል። ብዙ ሰው ይህን ዓምድ ይዘለዋል፤ ትርፉን የሚበላው ግን እሱ ነው። ቅሬታ ለማስተካከል በነፃ የተኬደበት ሰዓት በመጀመሪያው ሥራ ላይ መደመር አለበት።

ከዚያ ሒሳቡ ቀላል ነው። ከተቀበልከው ላይ ዕቃና ትራንስፖርት ቀንስ፣ የቀረውን ለሰውና ለሰዓት አካፍል። ለምሳሌ አንድ ስቱዲዮ ቤት ቀለም በ24,000 ብር ያዛችሁ እንበል። ቀለም፣ ስቱኮና ሮለር 11,500፣ ትራንስፖርት 900፤ የሚቀረው 11,600። ሦስት ሰው፣ አምስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት 120 የሰው ሰዓት ነው። በሰዓት የሚደርሰው 97 ብር ገደማ። አሁን የሮቶ እጥበት በ2,400 ብር እንውሰድ። ለበረኪናና ለብሩሽ 150፣ ትራንስፖርት 250፤ 2,000 ይቀራል። ሁለት ሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ቢፈጅበት ሰባት የሰው ሰዓት ነው፣ በሰዓት 286 ብር ገደማ። ቁጥሮቹን በራስህ ተካቸው፤ ልዩነቱ ግን ብዙ ቦታ በዚሁ አቅጣጫ ነው የሚወጣው።

ልጆቹ ቀለም የሚያዋጣ የሚመስላቸው ከሚገባው ብር ግማሽ የሚጠጋው የቀለም ሻጩ ስለሆነ ነው። ቀብዱ ኪስ ሲገባ ትርፍ ይመስላል፣ በዚያ ቀብድ የባለፈው ሥራ ጉድለት ይሸፈናል፣ ለአሁኑ ቀለም መግዣ ደግሞ የሚቀጥለው ደንበኛ ቀብድ ይጠበቃል። ከዚህ አዙሪት መውጣት ከባድ ነው፤ የጀመራችሁት ከሆነ ሌላ የቀለም ሥራ ከመያዛችሁ በፊት ዝጉት።

በሰዓት የሚተርፈውን ካወቅህ በኋላ ሁለት ነገር እይ። አንዱ መመለስ ነው፦ ቀለም የተቀባ ቤት ለዓመታት አይጠራህም፣ ታንከር በስድስት ወሩ ይቆሽሻል። ሌላው ርቀት ነው። አራብሳ ያለ ሰው ጀሞ ሄዶ አንድ ቧንቧ ቢቀይር ቀኑ አልቋል። ካርታ አውጥተህ በአንድ ታክሲ የሚደረስበትን ብቻ ክበብ፦ አራብሳ፣ ጎሮ፣ ሰሚት፣ አያት። ከዚያ ውጭ ለሚደውል “አንደርስም” ማለትን ተለማመዱ። ስድስቱ ሳምንት ሳይሞላ አትወስን፤ በሁለት ሳምንት የሚታየው ያጋጠመህ ሥራ ነው፣ የሰፈሩ ፍላጎት አይደለም።

---

ሒሳብ በእጄ

ውሃ ልክ ያለውን ካደረግህ በኋላ የሚቀርህ የዋጋ ወለል ማወቅ ነው። ከዚያ በታች ላለመሥራት።

ሥራ ቢኖርም ባይኖርም በየወሩ የሚወጣውን ሁሉ ደምር። ምሳሌ ላስቀምጥልህ፦ የሁለት ሠራተኛ ደሞዝ 18,000፣ የራስህ ደሞዝ 14,000፣ የዕቃ ማስቀመጫ ኪራይ 5,000፣ ስልክና ኢንተርኔት 1,500፣ ለመሣሪያ መተኪያ 4,500፣ ለሒሳብ ሠራተኛና ለፈቃድ ጉዳይ 2,000። ድምሩ 45,000። የራስህን ደሞዝ ሳታስገባ እንዳትደምር፣ ወንድሜ። አብዛኛው ሰው “የተረፈው የኔ ነው” ይልና ሳይከፈለው ዓመት ይሞላዋል።

በወር 26 ቀን በስምንት ሰዓት 208 ሰዓት ነው። ደንበኛው የሚከፍልበት ግን ይህ ሁሉ አይደለም። መንገድ፣ ዕቃ ፍለጋ፣ ቁልፍ ይዞ የጠፋ ተከራይ፣ ውሃ እስኪመጣ መጠበቅ፤ ይህ ሲወጣ 110 ሰዓት ቢቀር ጥሩ ነው። 45,000 ለ110 ሲካፈል 409 ብር። ለቀዘቀዘ ሳምንት፣ ለዋስትና ሥራና ለግብር ሃያ በመቶ ጨምርበት፤ 490 ብር ገደማ። ቡድኑ ደንበኛ ቤት ለሚሠራባት ለእያንዳንዷ ሰዓት ዕቃ ሳይጨምር ከዚህ በታች መግባት የለበትም። ከላይ በተቀመጠው የቀለም ሥራ ቦታው ላይ 35 ሰዓት ቢሠራ ወለሉ 17,000 ብር ያልፋል፤ የቀረው ግን 11,600 ነው። ኪሳራው ያለው እዚህ ነው፤ ብር እየገባ ስለሆነ አይታይም። እጥበቱ ደግሞ ቦታው ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ 1,225 ሲደመር ዕቃና ትራንስፖርት 1,625 ይሆናል፣ ስለዚህ በ2,400 ሲሠራ ከወለሉ በላይ ነው።

ስለ ወረቀቱ በአጭሩ። የንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው የሥራ መደብ ከምትሠራው ጋር ይግጠም፤ ሥራውን ስታጠብ መደቡንም አስተካክል። የፈቃድ እድሳት ያለ ቅጣት የሚፈጸመው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፣ የግብር ክሊራንስ ሳይያዝ ግን አይታደስም። ለተጨማሪ እሴት ታክስ ካልተመዘገብክ 15 በመቶ ብለህ ደንበኛ ላይ መጨመር አይፈቀድልህም። ድርጅት ሲከፍልህ ቅድመ ግብር ቀንሶ ከያዘ ደረሰኙን ተቀብለህ አስቀምጥ፣ ዓመት ሲዘጋ ከግብርህ ላይ የሚታሰብልህ በእሱ ነው። አድራሻህ ከአዲስ አበባ ወሰን ወጥቶ ሸገር ከተማ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ፈቃድህም ግብርህም የሚሄደው ወደዚያው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ዳር ላይ ያሉ ሰፈሮች ይህን ቀድመው ያጣሩ።

የንግዱ ሒሳብ በራስህ የቴሌብር ቁጥር ከቤት አስቤዛ ጋር እየተቀላቀለ ከሆነ ዛሬ ለየው። ለብቻው ካልሆነ ከላይ ያልኩህ ሁሉ አይሠራም።

---

ጣፎ ማዶ

የሮቶ እጥበት የሚለው ላይ ልጨምር፤ ሥራው ቀላል ስለሚመስል ነው ሰው የሚያበላሸው።

ሮቶ ከታች ያለው መውጫ ከወለሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ ቧንቧ ከፍተህ “ባዶ ሆነ” ብትልም ከመውጫው በታች ያለው ውሃና ደለል እዚያው ነው። በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ ብታይ ቡናማ፣ እንደ ሊጥ የላላ ነገር ተኝቷል፤ በእጅ ሲነካ ይለሰልሳል፣ ሲነቃነቅ ውሃውን ሁሉ ያደፈርሳል። ይህን በስፖንጅና በጆግ፣ ወይም በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ስቦ ማውጣት እንጂ ውሃ ጨምሮ በመውጫው ለመግፋት መሞከር ደለሉን ወደ ቤት ቧንቧ መላክ ነው። በማግስቱ “ካጠባችሁት በኋላ ነው የቆሸሸ ውሃ የመጣው” የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው። ሥራው ሳይጀመር ወደ ቤት የሚሄደውን መስመር ዝጉ፣ ፓምፑንም ከሶኬት ንቀሉ።

ግድግዳውን ለስላሳ ብሩሽ ብቻ። የብረት ሱፍ ፕላስቲኩን ይቧጭረዋል፣ አረንጓዴው አልጌም ጭረቱ ውስጥ ይበቅላል። ሳሙና አያስፈልግም፣ ሽታው ቀናት ይቆያል።

ጀርም መግደያው ላይ ሁለት መንገድ አለ። የተለመደው ታንከሩን ሞልቶ በአንድ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን አድርጎ 24 ሰዓት ማቆየት ነው። 5 በመቶ በሆነ በረኪና ለ1,000 ሊትር ታንከር አንድ ሊትር፣ ለ2,000 ሁለት ሊትር ይሆናል፤ 65 በመቶ የሆነ የዱቄት ክሎሪን ከሆነ ለ1,000 ሊትር 80 ግራም ገደማ። በኋላ ሁሉም ውሃ መደፋት አለበት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን የሚቀበል ደንበኛ የለም፣ ልክም ነው።

ሁለተኛው ለኛ ይስማማል። 20 ሊትር ባልዲ ውሃ ውስጥ 80 ሚሊ ሊትር በረኪና ጨምሩ፤ በሊትር 200 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሆናል። በዚህ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ የክዳኑን ውስጥ ሁሉ በብሩሽ አርጥቡ፣ ሳይደርቅ 30 ደቂቃ ይቆይ፤ እየደረቀ ከሆነ ድገሙት። ከዚያ ሁለት ጊዜ አለቅልቃችሁ በስፖንጅ አውጡ። ለእጥበቱ በጠቅላላ ከ100 እስከ 150 ሊትር ይበቃል። ሳይደፈርስ ቀድማችሁ ከላይ የቀዳችሁትን ንጹሕ ውሃ በጀሪካን ካስቀመጣችሁ ደንበኛው አንድ ጠብታ አልባከነብኝም ይላል።

በረኪና ፀሐይ ላይ ወይም ለወራት ሲቆይ ኃይሉን ያጣል። በትንሽ ዕቃ፣ ቀኑን አይታችሁ ግዙ። ከአሲድ ጋር፣ ሽንት ቤት ከሚታጠብበትም ጋር፣ በፍጹም አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። መሬት ውስጥ የተቀበረ የኮንክሪት ታንከር ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፦ አየር ሳይገባበት፣ ውጭ ገመድ የያዘ ሰው ሳይቆም ማንም አይውረድ። ይህን ዝግጅት እስክታሟሉ ከዝርዝራችሁ አውጡት።

---

ፓምፕና ሞተር

እጥበቱን ብቻ ይዞ መቆም ግን አይበቃም፤ እዚህ ላይ ከውሃ ልክ ጋር በከፊል አልስማማም። ታንከር በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚታጠበው፤ ሦስት ሰው በሱ ብቻ ለማሠራት በመቶዎች የሚቆጠሩ ቋሚ ደንበኞች ያስፈልጋሉ። ፓምፑን ጨምሩበት። ታንከሩና ፓምፑ አንድ ቦታ ነው ያሉት፣ ደንበኛውም አንድ ነው፣ ጥሪው ደግሞ በዓመት ሁለቴ ሳይሆን ውሃ በጠፋ ቁጥር ይመጣል።

ብዙዉ የፓምፕ ጥሪ ጥቂት ነገሮች ላይ ያርፋል። በየደቂቃው እየበራ የሚጠፋ ከሆነ ወይ የግፊት ጋኑ (ፓምፑ ጎን ያለው፣ ውሃና አየር የሚይዘው) አየር አልቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ ውሃ ይፈሳል። መጀመሪያ ሽንት ቤቱን እዩ፤ የፍላሹ ጎማ እያፈሰሰ ሌሊቱን ሙሉ ፓምፑን ያስነሳዋል፣ ጠዋት ሰው ፓምፑን ይቀይራል። የጋኑን አየር ስትሞሉ ፓምፑ ጠፍቶ፣ ውሃው ተለቅቆ ይሁን፤ ፓምፑ የሚነሳበት ግፊት 1.4 ባር ከሆነ የጋኑ አየር 1.2 ባር ይሁን። ሞተሩ እያጉረመረመ ካልዞረ ካፓሲተሩን (ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዳውን ዕቃ) እና የመብራቱን ኃይል ለኩ። ዳር ሰፈር ማታ ማታ ከ200 ቮልት በታች ስለሚወርድ ደኅና ሞተር የተበላሸ ይመስላል፤ ቴስተር ሳይያዝ ፓምፕ መፍታት ደንበኛ ማጣት ነው። ከሥሩ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ችግሩ “ሜካኒካል ሲል” የሚባለው፣ ውሃ እንዳያልፍ የሚዘጋው ማሸጊያ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ፈረቃው ሳይደርስ ፓምፑ ባዶ መስመር ስለሚስብ ነው። ያለ ውሃ እንዳይሠራ የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ካልተገጠመ አዲሱም በወሩ ይቃጠላል፣ ስለዚህ ሲሉን ብቻ ቀይሮ መሄድ ዋስትናውን በራስ ላይ መፈረም ነው።

አንድ ቦርሳ ውስጥ 10፣ 12.5፣ 16 እና 20 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ባለ አንድ ኢንች ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርግ)፣ የግፊት ስዊች፣ ተንሳፋፊ፣ ሁለት ዓይነት ሲል፣ ቴፍሎን። ለዚህ ዕቃ መርካቶ የሚኬድበት ቀን ለሥራው ከሚከፈለው በላይ ይበላል።

መብራቱን በተመለከተ፦ የፓምፑን መስመርና ብሬከር ብቻ ያዙ። የቤት ሙሉ ዝርጋታ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ላለው ኤሌክትሪሺያን ይሂድ።

---

የብሎክ ኮሚቴ

ከከፋዩ ወገን ልናገር። በጋራ ሕንፃ የጋራ ታንከርና ፓምፕ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ኃላፊነት ነው፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ 370 መሠረቱ ነው። ስለዚህ አንድ ኮሚቴ ማሳመን ሃያ ቤት ከማንኳኳት ይቀላል፤ ኮሚቴ ግን እንደ ግለሰብ አይገዛም። ብዙ ጊዜ ሦስት ፕሮፎርማ ይጠየቃል፣ ማኅተም ያለው። ደረሰኝ የሌለው ሰው ዋጋው ቢረክስም አይመረጥም፣ ምክንያቱም ገንዘብ ያዡ በዓመቱ ጉባኤ ለነዋሪው መልስ መስጠት አለበት። ክፍያም ይዘገያል፤ ከየቤቱ እስኪሰበሰብ ድረስ። ግማሹን ሳይቀበል ሥራ የሚጀምር ሰው ቀሪውን ለማግኘት ወር ይመላለሳል፤ ይህ የኛ ጥፋት ቢሆንም እውነታው ይኸው ነው። ቀብዱን በውል ጻፉት፣ አንቀየምም።

ከሁሉ በላይ የምንፈልገው ቀኑን ነው። ውሃ በሚመጣበት ቀን ታንከር የሚዘጋ ባለሙያ ጠቅላላ ብሎኩን ያስቆጣል። የየሰፈሩን ፈረቃ እወቁና ውሃ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ኑ፤ ያን ቀን ታንከሩ ባዶ ሊሆን ይቃረባል፣ ታጥቦ ሲያድር በማግስቱ ይሞላል። ከሁለት ቀን በፊት ደረጃው መግቢያ ላይ ማስታወቂያ ለጥፉ፣ በብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕም ይላክ። ሳይታጠብና ታጥቦ የተነሳ ፎቶ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል፤ የጎረቤት ብሎክ ኮሚቴ ያያል። ታንከሩ ላይ የታጠበበትንና ቀጣዩን ቀን የሚያሳይ ተለጣፊ ከነስልካችሁ ብትተዉ በስድስት ወሩ ማንን እንደምንጠራ አናስብም።

---

አራብሳ ጥገና (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል አልጠበቅኩም ነበር። ደብተሩ ዛሬ ተጀምሯል። እስከዚያው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን እንዲህ ጻፍኩት፣ አርሙልኝ፦

“ከአራብሳ እስከ አያት ባሉ ጋራ ሕንፃዎችና መኖሪያ ቤቶች የውሃ ታንከር እናጥባለን፣ ፓምፕ እንጠግናለን። በአስቸኳይ እንደርሳለን። ለሥራችን ሙሉ ዋስትና እንሰጣለን። ቀለም፣ ዲሽ፣ ዕቃ ማጓጓዝና የተቀበረ ታንከር አንሠራም። በሦስት ወር ውስጥ 20 ብሎክ ቋሚ ደንበኛ።”

የቀለም ደንበኞቻችንን ግን በአንዴ ብንተው የመስከረሙን ወር እንዴት እንዘልቃለን የሚል ስጋት አለን።

---

ውሃ ልክ

ፓምፑ ይጨመር የተባለውን ተቀብያለሁ፤ ትክክል ነው።

ቀለሙን በአንዴ አትተዉ፣ ዋጋውን ወደ ወለሉ አምጡት። ሒሳብ በእጄ ባስቀመጠችው መሠረት ለዚያ ቤት የእጅ ዋጋ ከ17,000 በታች አትቀበሉ፣ ቀለሙን ደንበኛው ራሱ ይግዛ። በዚያ ዋጋ የሚመጣ ካለ ሥሩለት፣ ካልመጣ ቀኑ ለታንከር ነፃ ሆነ። መስከረምን በተመለከተ፦ የትምህርት ቤት ክፍያ ስላለ ቤተሰብ ጥገና ያዘገያል፤ ነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜ ላይ ግን ለዘመን መለወጫ ቤት ስለሚጸዳ እጥበቱን ያኔ ሽጡት። ከጥር እስከ ግንቦት ውሃ ሲጠብ የፓምፕ ጥሪ ይመጣል። እቁብ ካላችሁ ዕጣው ጳጉሜ አካባቢ እንዲደርሳችሁ ተነጋገሩ።

ጽሑፉ ላይ ሁለት ቃል ይውጣ። “በአስቸኳይ” የሚለው ሌሊት ያስጠራችኋል፤ “በተደወለ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ” በሉት። “ሙሉ ዋስትና” የሚለውም ውሃ ሳይኖር ያቃጠሉትን ፓምፕ በነፃ ያስቀይራችኋል፤ “ለቀየርነው ዕቃና ለእጅ ሥራችን 30 ቀን፣ ተንሳፋፊ ላልተገጠመለት ፓምፕ ግን አይሠራም” ብላችሁ ጻፉ። 20 ብሎክ የሚለውን ደግሞ በሳምንት ስንት ኮሚቴ ታናግራላችሁ በሚል ቀይሩት። ኮሚቴ ውሳኔ የሚሰጠው ሲሰበሰብ ነው፣ አንዳንዱ ሁለት ወር ይፈጃል፤ በእጃችሁ ያለው ማናገሩ ብቻ ነው። በሳምንት አራት ኮሚቴ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ሲገኝ፣ ፕሮፎርማውን ይዛችሁ። ከጎኑ የየብሎኩን የውሃ ፈረቃ ቀን የያዘ ሠንጠረዥ ለጥፉ። የሳምንቱ ፕሮግራም የሚወጣው ከሱ ነው።